የዘገየ ምልክት ዋጋ፦ የአዝማሚያ ጠቋሚዎች በክሪፕቶ ገበያ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የዛሬው ንግግሬ የክሪፕቶከረንሲ ዋጋ ወዴት እያመራ እንደሆነ ለመለየት በቻርት ላይ ስለሚሰመሩት ጠቋሚዎች፣ በተለምዶ ትሬንድ ኢንዲኬተር ስለሚባሉት ነው። የትኛው ኮይን ቢገዛ እንደሚሻል አልናገርም፤ ቢትኮይን ነገ ስንት እንደሚገባም አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ኪሳችሁን ጠበቅ አድርጉ። የማነሣቸው ዓመቶችና ወሮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዋጋዎቹም በአሜሪካ ዶላር ናቸው። ዋጋ ከአንዱ ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ ከሚገዛበትና ከሚሸጥበት መድረክ) ወደ ሌላው በመጠኑ ስለሚለያይ አስጠጋግቼ እጠራዋለሁ።

ብዙዎቻችሁ ስሙን በምታውቁት ምልክት ልጀምር። የ50 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ፣ ማለትም ያለፉት 50 ቀናት ዋጋ አማካይ መስመር፣ የ200 ቀኑን ከታች ወደ ላይ ሲያቋርጥ ጎልደን ክሮስ፣ ከላይ ወደ ታች ሲያቋርጥ ደግሞ ዴዝ ክሮስ ይባላል፤ የመጀመሪያው የመግዣ፣ ሁለተኛው የመሸጫ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። አንድ ሰው ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ ቢትኮይንን በዚህ ደንብ ብቻ ሲገዛና ሲሸጥ ቆየ እንበል። ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ጎልደን ክሮስ ታየ፤ ዋጋው 9,700 ገደማ ነበርና ገዛ። ወር ሳይሞላ፣ ማርች 12 ቀን፣ የኮሮና ወረርሽኝ ድንጋጤ ገበያውን ሁሉ ሲያናውጥ ቢትኮይን በአንድ ቀን ከ7,900 ወደ 5,000 አካባቢ ወረደ፤ በማግሥቱም 4,000 አካባቢ የደረሰበት ሰዓት ነበር። ደንቡ ግን ድምፁን አላሰማም። ዴዝ ክሮስ የመጣው በወሩ ማብቂያ ገደማ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዋጋው አገግሞ 6,700 ያህል ደርሶ ነበር። ሰውየው ደንቡ እንዳዘዘው ሸጠና የገንዘቡን አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ አጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የጠቋሚዎች ተቺዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ፤ እኔ ግን ማቆሙ አግባብ አይመስለኝም። ሜይ 2020 ላይ ጎልደን ክሮስ እንደገና ታየ፤ ሰውየው በ9,500 ገዛ። ከዚያ በኋላ ዓመት ለሚያልፍ ጊዜ ደንቡ ምንም ሳይል አቆየው፤ ቢትኮይን በአፕሪል 2021 ከ64,000 በላይ ወጥቶ ሲመለስ፣ ጁን ላይ በ35,500 ገደማ ሸጠ። ጫፉን አልያዘም፤ ከጫፉ ወዲህ ያለውን ግማሽ የሚጠጋ ቁልቁለትም አብሮ ወርዷል፤ ገንዘቡ ግን 3.7 እጥፍ ሆነ። ቀጥሎ ሴፕቴምበር 2021 በ48,000 ገዝቶ ጃንዋሪ 2022 በ43,000 ሸጠ፤ በመካከሉ ዋጋው 69,000 ደርሶ ሲመለስ እያየ አሳልፎታል። ይህ ንግድ በኪሳራ ቢዘጋም ሰውየውን ከ2022 ውድቀት አውጥቶታል፤ ሜይ ላይ ቴራ የተባለው የክሪፕቶ መረብና ኮይኑ ሉና ሲፈርሱ፣ ኖቬምበር ላይ ኤፍቲኤክስ የተባለው ኤክስቼንጅ ሲከስርና ቢትኮይን ወደ 15,500 ሲወርድ እርሱ ዶላር ይዞ ተቀምጧል። ፌብሩዋሪ 2023 በ23,000 ገባ፣ ሴፕቴምበር በ25,500 ወጣ፣ በኦክቶበር መጨረሻ በ34,500 ተመልሶ ገባ፣ ኦገስት 2024 በ60,000 ወጣ።

ስሌቱን በወረቀት ላይ ብትሠሩት፣ ኮሚሽን ሳይቀነስ የሰውየው ገንዘብ 4.5 እጥፍ ያህል ይሆናል። በፌብሩዋሪ 2020 ገዝቶ እስከዚያው ኦገስት 2024 እጁን ያጣጠፈ ሰው ግን 6 እጥፍ ያህል አግኝቷል። ደንቡ ያተረፈው ዝም ብሎ ከመያዝ ያነሰ ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ ዝም ብሎ የያዘው ሰው ከ69,000 እስከ 15,500 የነበረውን ከመቶ 77 የሚሆን ውድቀት ሙሉ በሙሉ መዋጥ ነበረበት፤ ከመቶ 77 የተቀነሰ ገንዘብ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ደግሞ ከ4 እጥፍ በላይ ማደግ ይኖርበታል። ይህን የሚችል ሰው እንዳለ አምናለሁ፤ ቁጥሩ ግን እችላለሁ ከሚለው ሰው ቁጥር በእጅጉ ያነሰ ነው።

የአዝማሚያ ጠቋሚ ትንበያ አይሰጥም። የሚሰጠን፣ መዘግየትን ተቀብለን የሐሰት ምልክቶችን ቁጥር የመቀነስ ዕድል ነው። መዘግየቱን የማይወድ ሰው አጭር፣ ማለትም በጥቂት ቀናት ዋጋ የሚሰላ፣ ጠቋሚ ይመርጥና በሐሰት ምልክት ይከፍላል፤ የሐሰት ምልክት ያስመረረው ሰው ረጅሙን ይመርጥና በመዘግየት ይከፍላል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስቀረ ቀመር እስካሁን አላየሁም፤ አዲስ ስም ይዘው በየጊዜው የሚመጡት ጠቋሚዎችም የክፍያውን ዓይነት ይለውጡት ይሆናል እንጂ ክፍያውን አይሰርዙትም። ስለዚህ ስለ አንድ ጠቋሚ ስንጠየቅ መመለስ ያለብን ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ባይዘገይ ኖሮ ስንት ጊዜ ያሳስተን እንደነበር ነው።

የመዘግየቱ ልክ በቁጥር ሊቀመጥ ይችላል። ቀላል ተንቀሳቃሽ አማካይ ያለፉትን ቀናት የመዝጊያ ዋጋ ደምሮ ለቀናቱ ብዛት ማካፈል ብቻ ነው። በ200 ቀን አማካይ ውስጥ የዛሬው ዋጋ ያለው ድርሻ ከ200 አንድ ነው፤ ከ6 ወር በፊት የነበረ አንድ ቀንም እኩል ድርሻ አለው። በውስጡ ያሉት ዋጋዎች አማካይ ዕድሜ 99 ቀን ተኩል፣ የ50 ቀኑ ደግሞ 24 ቀን ተኩል ነው። ገበያው በእኩል ፍጥነት ሲወጣ የ200 ቀኑ መስመር ዋጋውን 100 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለዋል። ስለዚህ በሁለቱ መስመሮች መቋረጥ ላይ የምናየው፣ የአንድ ወር ግድም ዕድሜ ያለው ትዝታ የሦስት ወር ግድም ዕድሜ ካለው ትዝታ ጋር ሲነጻጸር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ቀላል አማካይ የሚንቀሳቀሰው አዲስ ዋጋ ሲገባ ብቻ ሳይሆን አሮጌ ዋጋ ሲወጣም ጭምር ነው። በማርች 2020 አጋማሽ የነበሩት የ5,000ና የ6,000 ዋጋዎች 50 ቀን ሲሞላቸው፣ ማለትም በሜይ መጀመሪያና አጋማሽ ላይ፣ ከ50 ቀኑ ስሌት አንድ በአንድ ወጡ። በእነርሱ ቦታ የገቡት የ9,000 ዋጋዎች ነበሩ። መስመሩ በፍጥነት ሽቅብ ወጥቶ የ200 ቀኑን ካቋረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ በዚያ ሳምንት በገበያው ላይ የተለየ ነገር ባይፈጠርም እንኳ ምልክቱ ሊመጣ ይችል ነበር። ቻርቱ ላይ ምልክት ባየን ቁጥር፣ ይህን ያመጣው ዛሬ የገባው ዋጋ ነው ወይስ ዛሬ የወጣው አሮጌ ዋጋ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህን ጉድለት ለማቃለል ነው ኤክስፖኔንሻል የሚባለው አማካይ የሚመረጠው። በእርሱ ስሌት አሮጌ ዋጋ በድንገት አይወጣም፤ እየደበዘዘ ይሄዳል። የዛሬው ዋጋ የሚኖረው ድርሻ በቀናቱ ቁጥር ላይ 1 ተደምሮ፣ 2 ለድምሩ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ለ12 ቀን ከመቶ 15.4፣ ለ26 ቀን ከመቶ 7.4 ይሆናል። ጄራልድ አፔል በ1970ዎቹ መጨረሻ ያቀረበው ኤምኤሲዲ የተሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው፦ የ26 ቀኑ ከ12 ቀኑ ይቀነሳል፣ የልዩነቱ የ9 ቀን አማካይ እንደ መቀስቀሻ መስመር ይሰመራል። ልዩነቱ ዜሮን ሲያቋርጥ ሁለቱ አማካዮች ተቋረጡ ማለት ነው፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

አሁን ስለ ቁጥሮቹ መነሻ ላንሣ፤ ምክንያቱም በክሪፕቶ ላይ ሳይጠየቁ የሚሠራባቸው ከሌላ ገበያ የመጡ ናቸው። የአክሲዮን ገበያ በሳምንት 5 ቀን ይሠራል። እዚያ 200 የንግድ ቀን 40 ሳምንት፣ ማለትም ከ9 ወር በላይ ነው። ክሪፕቶ ቅዳሜና እሑድን፣ በዓልንም ሳይለይ ስለሚሠራ 200 ቀን ማለት ከ28 ሳምንት ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ 6 ወር ተኩል መሆኑ ነው። የ50 ቀኑም ከ10 ሳምንት ወደ 7 ያንሳል። በአክሲዮን ገበያ የሚታወቀውን ያንኑ የጊዜ ርዝመት የሚፈልግ ሰው 70ንና 280ን መጠቀም ነበረበት። ጃፓናዊው ጋዜጠኛ ጎይቺ ሆሶዳ የሠራው ኢቺሞኩ የተባለው የአዝማሚያ ጠቋሚም እንዲሁ ነው፤ የቀን ቁጥሮቹ 9፣ 26ና 52 የተመረጡት ቅዳሜም የንግድ ቀን በነበረበት ዘመን ነው፤ 26 ያን ጊዜ የአንድ ወር የሥራ ቀን ነበር። በክሪፕቶ ላይ 26 ቀን ወርም አይሞላ፣ ሌላ የተለየ ትርጉምም የለው። ታዲያ እነዚህ ቁጥሮች ይጣሉ አልልም። ብዙ ሰው ስለሚያያቸው ብቻ ክብደት ያላቸው ይመስለኛል። ነገር ግን ቁጥሩን በልማድ መውሰድና አስቦ መምረጥ ለየቅል ናቸው፤ የመጀመሪያውን እያደረገ ሁለተኛውን ያደረገ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ የቀኑ ማብቂያ ነው። የአክሲዮን ገበያ ደወል አለው፤ የመዝጊያ ዋጋ ሲባል የሚያከራክር የለም። ክሪፕቶ አይዘጋም፤ አብዛኞቹ ኤክስቼንጆች ዕለታዊውን ካንድል (የቀኑን ዋጋ በቻርት ላይ የሚያሳየውን ምልክት) የሚዘጉት በዓለም አቀፉ የዩቲሲ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ይህም ለሥራ ምቾት የተደረገ ስምምነት ነው። ሰዓቱን በ8 ሰዓት ያዛወረ ሰው የመዝጊያ ዋጋዎቹ ሁሉ ይለወጡበታል፤ የመቋረጫ ቀኑም ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ካንድሉ ሳይዘጋ የታየ ምልክት ደግሞ ምልክት ሊባል አይገባም፤ በቀኑ መሃል መስመሮቹ ተቋርጠው ማታ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በማግሥቱ ቻርቱን የሚያይ ሰው ያ መቋረጥ እንደነበረ እንኳ አያውቅም።

ብዙ ትሬደሮች በአንድ ጠቋሚ ስለማይረኩ ሦስትና አራት ይደራርባሉ፤ ሁሉም ሲስማሙ ነው የምገባው ይላሉ። ሐሳቡ ጥንቃቄ ይመስላል። ችግሩ፣ ኤምኤሲዲ፣ የአማካዮች መቋረጥና የኢቺሞኩ ሁለት መስመሮች ሁሉም ምንጫቸው ያው ዋጋ መሆኑ ነው። አንድ ምስክር ሦስት ጊዜ ቢጠየቅ ሦስት ምስክር አይሆንም። ሦስቱ ጠቋሚዎች እስኪስማሙ መጠበቅ በተግባር ከሦስቱ በጣም የዘገየውን መጠበቅ ነው፤ ሰውየው ማረጋገጫ ያገኘ እየመሰለው የከፈለው ተጨማሪ መዘግየት ነው። ሌላ ነገር የሚነግረን መረጃ ከተፈለገ ዓይነቱ የተለየ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ የግብይት መጠን፣ ወይም የዋጋው የመዋዠቅ ስፋት።

የመዋዠቅ ስፋትን በተመለከተ ዌልስ ዋይልደር የተባለውን መካኒካል ኢንጂነር ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። ዛሬ በየቻርቱ የምናገኛቸውን አርኤስአይን፣ ኤዲኤክስን፣ ኤቲአርንና ፓራቦሊክ ኤስኤአርን በ1978 በአንድ መጽሐፍ ነው ያወጣቸው። የጻፈው ስለ ሸቀጥ ገበያ ሲሆን፣ ቢትኮይን ሥራ የጀመረው ከዚያ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2009 ነው። ከአራቱ አርኤስአይ የአዝማሚያ ጠቋሚ አይደለም፤ የግዢው ግለት ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ ነው፤ ሆኖም ከ70 በላይ ሲወጣ ሽጥ የሚል ትእዛዝ አድርገው የሚወስዱት ብዙዎች ናቸው። በ2020 የመጨረሻ ወራት የቢትኮይን ዕለታዊ አርኤስአይ ደጋግሞ ከ70 በላይ ወጥቷል፤ ዋጋው ግን መውጣቱን ቀጠለ። በጠንካራ አዝማሚያ ውስጥ ከፍተኛ አርኤስአይ የአዝማሚያው ጤንነት ምልክት ነው።

ኤዲኤክስ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል፤ የሚነግረን አዝማሚያ መኖሩንና አለመኖሩን ነው። ሲለመድ የቆየው ልክ ከ25 በላይ ከሆነ አዝማሚያ አለ፣ ከ20 በታች ከሆነ የለም የሚል ነው። አቅጣጫ አይነግርም፤ ዋጋው ሲወድቅም ኤዲኤክስ ይወጣል፤ ይህን ባለማወቅ የኤዲኤክስን መውጣት የዋጋ መውጣት አድርጎ የሚገዛ ሰው አጋጥሞኛል። ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት 2023 አጋማሽ ቢትኮይን በአብዛኛው በ29,000ና በ31,000 መካከል ሲመላለስ ነበር። በእንዲህ ያለው ጊዜ የአጭር አማካዮች መቋረጥ ሰውን ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል፣ መልሶ ያስገባዋል፤ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይወስድበታል። ኤዲኤክስን እንደ በር ጠባቂ ማቆም ከእነዚህ ምልክቶች የተወሰኑትን ያስቀራል። ግን እርሱም ነጻ አይደለም። የዋይልደር የ14 ቀን ማለስለሻ ለአዲስ ዋጋ የሚሰጠው ድርሻ ከ14 አንድ ብቻ በመሆኑ ትዝታው ከ27 ቀን ኤክስፖኔንሻል አማካይ ጋር እኩል ነው፤ ኤዲኤክስ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተለስልሶ ነው የሚወጣው። አዝማሚያ መኖሩን ሲያውጅልን የአዝማሚያው ጥሩ ክፍል አልፎ ሊሆን ይችላል።

እኔ በግሌ ከሁሉም ይልቅ የሚማርከኝ ቀላሉ ነው፤ የሪቻርድ ዶንቺያን ቻናል። የ20 ቀን ከፍተኛ ዋጋ ሲሰበር መግዛት፣ የ10 ቀን ዝቅተኛ ዋጋ ሲሰበር መሸጥ። በ1983 ሪቻርድ ዴኒስና ዊልያም ኤክሃርት ተርትልስ በሚል ስም ለታወቁት ሠልጣኞቻቸው ካስተማሯቸው ደንቦች አንዱ በዚህ ላይ የቆመ ነበር። የምወደው አማካይ ስለሌለው ነው፤ ዋጋው ከ20 ቀን ወዲህ ደርሶበት የማያውቅ ቦታ ላይ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለው ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብቻ መልስ አለው። ይዘገያል ወይ ቢባል፣ አዎ፣ ሁልጊዜ ከታች ካለው ዋጋ በላይ ያስገዛል፣ ሁልጊዜም ከጫፉ በታች ያስሸጣል። መዘግየቱ ግን በዓይን ይታያል፤ ከየት እስከ የት እንደሚከፈል አስቀድሞ ይታወቃል።

የተርትልስ ትምህርት ትልቁ ክፍል ግን መግቢያው አልነበረም፤ የመጠን ስሌቱ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ በጠቋሚ ንግድ ውስጥ ሰው በብዛት የሚከስረው እዚህ ነው። ኤቲአር ዋጋው በአንድ ቀን በአማካይ ስንት እንደሚመላለስ ይለካል። አንድ ሰው 1,000 ዶላር አለው፤ በአንድ ንግድ ከካፒታሉ ከመቶ 1፣ ማለትም 10 ዶላር በላይ ላለማጣት ወስኗል። ቢትኮይን 60,000 ላይ ነው፤ ኤቲአሩ 2,000 ነው። ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ኪሳራን ለመገደብ አስቀድሞ የሚሰጠውን የመሸጫ ትእዛዝ፣ ከመግዣው በ2 ኤቲአር ዝቅ አድርጎ 56,000 ላይ ያኖራል። በአንድ ሙሉ ቢትኮይን የሚያጣው 4,000 ስለሆነ፣ 10 ለ4,000 ሲካፈል 0.0025 ቢትኮይን ይደርሰዋል፤ ይህ 150 ዶላር ነው። 850ው ዶላር ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ኤቲአሩ 1,000 ቢሆን ኖሮ ስቶፑ በ2,000 ዝቅ ብሎ የግዢው መጠን 300 ዶላር ይሆን ነበር። ገበያው ሲረበሽ መጠኑ በራሱ ያንሳል፣ ሲረጋጋ ያድጋል። ይህን ስሌት ለጀማሪ ሳሳየው በአብዛኛው ፊቱ ላይ ቅሬታ አያለሁ፤ በ150 ዶላር ምን ሊገኝ ነው ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን መጠኑን መጨመር ሳይሆን የአዝማሚያ ንግድ ገንዘብ የሚያመጣበትን መንገድ ማወቅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አዝማሚያ ተከታይ ደንብ ብዙውን ጊዜ ከሚያሸንፍበት የሚሸነፍበት ይበልጣል። ከ100 ንግድ 35 ቢያሸንፍ፣ 65 ቢሸነፍ፣ ሽንፈቱ በየጊዜው 10 ዶላር፣ ድሉ በአማካይ 30 ዶላር ቢሆን፣ 1,050 ገብቶ 650 ወጥቶ 400 ይተርፋል። ነገር ግን በዚያው ስሌት ከ100 ንግዶች ውስጥ 8 ተከታታይ ሽንፈት የመገኘቱ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። በንግድ ከመቶ 1 የሚያስይዝ ሰው ከ8 ሽንፈት በኋላ ከመቶ 92 ገንዘቡ በእጁ አለ፤ ከመቶ 10 የሚያስይዝ ሰው ከመቶ 43 ብቻ ይቀረዋል፤ ከዚያም በኋላ የሚመጣውን ትልቅ ድል ለመያዝ ገንዘቡም ልቡም አይበቃም። ትርፉ የሚመጣው ከጥቂት ትልልቅ ንግዶች ስለሆነ፣ አንዱን መዝለል የዓመቱን ውጤት ይለውጣል። ቅድም ባየነው ታሪክ የሜይ 2020ን ጎልደን ክሮስ፣ ባለፈው ተቃጥያለሁ ብሎ የተወ ሰው 3.7 እጥፉን ተወ።

ኮሚሽኑንም አንርሳ። ለአንድ ግዢ ወይም ሽያጭ ከሺህ 1 የሚያስከፍል ኤክስቼንጅ ርካሽ ይመስላል። በ15 ደቂቃ ቻርት ላይ ሙሉ ገንዘቡን 100 ጊዜ አስገብቶ 100 ጊዜ ያስወጣ ሰው ግን ዋጋው ባይነቃነቅ እንኳ ከመቶ 18 የሚሆነው ተቆርጦበታል። አጭር ጠቋሚ የሚከፈለው በሐሰት ምልክት ነው ስል ይህም ይጨመርበት።

ስለ ሌቨሬጅ፣ ማለትም ተበድሮ ከራስ ገንዘብ በላይ ስለ መገበያየት፣ ብዙ አልናገርም። ሜይ 19 ቀን 2021 ቢትኮይን ከ43,000 አካባቢ ተነሥቶ በዚያው ቀን 30,000 ደርሶ 37,000 አካባቢ ዘጋ። በመዝጊያ ዋጋ ለሚሰላ አማካይ ቀኑ ከመቶ 14 የወረደ ከባድ ቀን ነው፤ የ50ውና የ200ው ደንብም ገና ያዝ እያለ ነበር። በዚያን ቀን መጀመሪያ በ4 እጥፍ ሌቨሬጅ ገዝቶ ያደረ ሰው ግን ዋጋው ከመቶ 25 ከመውረዱ በፊት ሊኩዴት ሆኗል፣ ማለትም ንግዱ በግዴታ ተዘግቶ ያስያዘውን አጥቷል፤ ማታ የተመለሰው ዋጋ ለእርሱ አልተመለሰም። ጠቋሚው የሚያየው ካንድሉ የተዘጋበትን ነው፤ ሌቨሬጅ የሚያየው የካንድሉን ጅራት፣ ማለትም በቀኑ ውስጥ የተነካውን ዝቅተኛ ዋጋ፣ ነው።

ጠቋሚው ፈጽሞ ሊያይ የማይችለውን ለማሳየት ደግሞ ከሉና የተሻለ ምሳሌ የለም። በሜይ 2022 መጀመሪያ 80 ዶላር አካባቢ የነበረ ኮይን ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ከአንድ ሳንቲም በታች ወረደ። ዋጋው ዜሮ ሲጠጋ የ50 ቀኑ መስመር ገና ከ200 ቀኑ በላይ ነበር፤ ምክንያቱም በስሌቱ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ቀናት የ80፣ የ90 እና የ100 ዶላር ቀናት ናቸው። አጭር ቻናል የሚጠቀም ሰው ቀደም ብሎ ይወጣ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ሩጫ ግን ስቶፕ ሎስ በታዘዘበት ዋጋ ላይፈጸም ይችላል። ለዚህ የሚጠቅመው ብቸኛ መከላከያ አስቀድሞ የተወሰነ አነስተኛ መጠን ነው። 10 የተለያዩ ኮይኖችን መያዝም እንደሚታሰበው አያድንም፤ ቢትኮይን በኃይል ሲወርድ አብዛኞቹ አብረው ስለሚወርዱ፣ በእያንዳንዱ ከመቶ 1 ያስያዘ ሰው በተግባር በአንድ ውሳኔ ላይ ከመቶ 10 አስይዟል። በአንድ ጊዜ ክፍት ለሆኑት ንግዶች ሁሉ ድምር ወሰን ማበጀት ለእያንዳንዱ ከማበጀት እኩል አስፈላጊ ነው።

የመጨረሻው ጉዳዬ ደንብን ባለፈ ዋጋ ላይ ስለ መፈተን ነው። ዛሬ በኤክስቼንጆች ላይ ያሉትን 50 ትልልቅ ኮይኖች ወስዶ ወደ ኋላ የሚፈትን ሰው የሚፈትነው የተረፉትን ነው፤ የፈረሱት በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉ ማንኛውም የመግዣ ደንብ ከእውነታው ያማረ ይመስላል። ፈተናው በየዓመቱ መጀመሪያ ትልልቅ የነበሩትን፣ ሉናን ጨምሮ፣ መያዝ አለበት። ግዢው የሚሰላው ምልክቱ በታየበት ካንድል መዝጊያ ሳይሆን በሚቀጥለው መክፈቻ ነው፤ ኮሚሽንም ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን መነካካት ነው፦ 50ው ወደ 45 ወይም ወደ 55፣ 200ው ወደ 180 ወይም ወደ 220 ሲለወጥ ውጤቱ በመጠኑ ቢለያይ ደንቡ ሊታመን ይችላል፤ ከትርፍ ወደ ኪሳራ ከተገለበጠ ግን የተገኘው ትርፍ የአጋጣሚ ነው። የሚፈተንበትም ዘመን ቢትኮይን ከ20,000 አካባቢ ወደ 3,200 የወረደበትን 2018ንና 2022ን ማካተት ይኖርበታል። ከ2023 መጀመሪያ እስከ 2024 መጨረሻ ባለው ዋጋ ብቻ የተፈተነ ደንብ የሚወርድ ገበያ ገጥሞት አያውቅም፤ በዚያ መረጃ ላይ ቢገዛና ቢያስቀምጥ እንኳ ያተርፍ ስለነበር፣ ጠቋሚው ምን እንደጨመረለት ከውጤቱ መለየት አይቻልም።